ባሕር ሳላይ የጻፍኩት የባሕር ፕሮግራም

ባሕር አይቼ አላውቅም። ሽሮ ሜዳ ካለው ቤታችን ሆኜ ግን የባሕር ከፍታ መለኪያዎች የሚልኩትን መረጃ ከስህተት የሚያጠራ ፕሮግራም ጻፍኩ። ማንም በነፃ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ኮዱን ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። ብዙ የባሕር ተመራማሪዎች ወደዱት። አንዷ መምህርት ከሞምባሳ፣ «መጥተሽ ለተማሪዎቼ አሳዪልኝ፤ ወጪሽ በእኛ ነው» ብላ ጻፈችልኝ።

ፓስፖርት እንዳወጣሁ አባቴን ስትሮክ መታው። ከእኔ በቀር የሚያነሳው ሰው አልነበረም።

«ሂጂ እንጂ፣ እኔ ምን እሆናለሁ?» አለኝ፤ ያጠጣሁት ውሃ በአገጩ እየፈሰሰ።

«ሌላ ጊዜ እሄዳለሁ፣ አባዬ» አልኩት። ሁለታችንም አላመንነውም።

ትምህርቱን ከአልጋው አጠገብ ሆኜ በቪዲዮ ሰጠሁ። መሐል ላይ አባቴ ሲጣራ ካሜራውን አጥፍቼ በጎኑ አስተኛሁት። ስመለስ አንዲት ተማሪ፣ «ማዕበል ሲነሳ ፕሮግራምሽ ትክክለኛውን ከፍታ ስህተት ነው ብሎ ይጥለዋል። እዚያ እናንተ ጋ ማዕበል የለም እንዴ?» አለችኝ።

«እዚህ ባሕርም የለም» አልኳት። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ልጅቷ ስህተቱን ራሷ አርማ ላከችልኝ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ አመስግኜ ከኮዱ ጋር ቀላቀልኩት። የጻፍኩት ነገር በየወደቡ ይዞራል። እኔ ግን አዲሱ ገበያ ድረስ ወርጄ መድኃኒት ለመግዛት እንኳ አባቴን እንዲጠብቅልኝ ጎረቤት መለመን ነበረብኝ።

«ምን አሉሽ?» አለ አባቴ።

«ወደዱት።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

እንባዬን ጠርጌ ትራሱን አስተካከልኩለት።