ደህና ነው ያልሁት ጀርባ

ይህን ነገር ለእናቴ አልነገርሁም። ነፍስ አባታችን ጋ ስናዘዝም ዘልዬዋለሁ። ከዛሬ በፊት የሰማው የለም። መጻፍ ከጀመርሁ ወዲህ ሁሉን ነገር ማሳመር እወዳለሁ፤ ተማሪ ቤት ድርሰቴ ሲነበብ ደስታዬን መደበቅ አልችልም። እዚህ ላይ ግን አሳምሬ እንዳላመልጥ ፈራሁ። ስለዚህ ጥፋቱን አስቀድሜ ልበለው፤ የፈረሱን ጀርባ የላጥሁት እኔ ነኝ። በአባቴ ፊት ደህና ነው ያልሁትም እኔ ነኝ።

ቦራ የአባቴ ፈረስ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሴት ልጅ በበቅሎ ሠርግ ትሄዳለች እንጂ ሽምጥ አትጋልብም በሚባልበት አገር፣ አባቴ ኮርቻ ላይ አወጣኝ። ልጓም መያዝ ስችል ፈረሰኛ የሆንሁ መሰለኝ። አባቴ ግን ይስቅብኝ ነበር።

"አሁን አንቺ ጭነት ነሽ" ይለኛል። "ከመጫንሽ በፊትም፣ ኮርቻውን ካወረድሽ በኋላም መዳፍሽን በጀርባው አሳልፊ። ያበጠ ወይም የሚሞቅ ቦታ ካገኘሽ፣ ጃንሆይ ቢጠሩሽም በእግርሽ ሂጂ።"

ኋላ ይህን ሥራ ለእኔ ተወልኝ። እኔ ደህና ነው ካልሁ ደህና ነው። ከዚህ የሚበልጥ ሹመት ለእኔ ምን ነበር?

ያን ዓመት በጊዮርጊስ በዓል ከወንዶቹ ጋር ልጋልብ ቋምጬ ነበር። አባቴ ገበያ በሄደበት ቀን ቦራን ልጭን ተነሣሁ። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው የበግ ለምድ ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጥቷል፤ ገና አልደረቀም። ያለ እሱ መጫን እንደማይገባ አውቃለሁ። አውቄ ጫንሁ። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አስጋለብሁት፤ እንዴት እንደ ተደሰትሁ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ።

ስመለስ ኮርቻውን አውርጄ መዳፌን አሳለፍሁ። ትከሻው አጠገብ አብጧል፤ ጠጉሩ ተፍቆ ቆዳው ይሞቃል። ስነካው ቦራ ዘወር ብሎ አየኝ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ቅቤ ቀባሁና ጠጉሩን አስተኛሁበት።

በማግሥቱ ጋሼ ታምሩ መጡ። የአባቴ አበልጅ ናቸው፤ ልጃቸውን ክርስትና ያነሣው አባቴ ነው። ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ አማኑኤል ድረስ ቦራን ሊዋሱ ነው። ጀርባውን ሊዳስሱ እጃቸውን ሲዘረጉ አባቴ ያዛቸው።

"ተው አበልጄ፣ በእኔ ቤት ፈረሰኛ አለች። እሷን ጠይቃት።"

ጋሼ ታምሩ ሳቁ። "እሺ እመቤት፣ ልጫነው ወይስ በእግሬ ልኳትን?"

አባቴ ኮርቶብኝ ያየኛል። "ደህና ነው፤ ይጫኑት" አልሁ።

ከሠርጉ ሲመለሱ ፈረሱን እየሳቡ በእግራቸው መጡ። ቁስሉ አፉን ከፍቷል።

"አደራ የሰጠሁህን ፈረስ ገጣባ አደረግህብኝ?" አለ አባቴ።

"አበልጄ፣ ከሶምሶማ አላለፍሁም። እኩሌታውን መንገድ የመጣሁት በእግሬ ነው።"

"ታዲያ በምን ተላጠ? በጸሎት?"

ጋሼ ታምሩ አንዴ ወደ እኔ አዩ። ደህና ነው ያለችኝ ልጅህ ናት ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም። ልጓሙን ለአባቴ ሰጥተው ሄዱ።

እሳቸው ባይከሱኝም እኔ ለምን ዝም አልሁ? ዱላ ፈርቼ ነው? አይደለም፤ አባቴ መትቶኝ አያውቅም። ፈረሰኛ መባሉ እንዳይቀርብኝ ነው። ለስሜ ስል የሰው ስም አጠፋሁ።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ፣ እውነተኛ ፈረሰኛ መሆን የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ቁስሉን በጨው ውሃ አጥባለሁ፣ ዝንብ ሲያርፍበት አባርራለሁ። እስኪሽር አልጫንሁትም፤ ጊዮርጊስም ያለ እኔ አለፈ። ዛሬ ተናድጄ ኮርቻ ላይ አልወጣም፤ ሰው አየኝ ብዬም አልጋልብም። ጎረቤቱ "አያያዝስ እንደ እሷ" ይላል። ራሴ ያቆሰልሁትን በማዳኔ ተመሰገንሁ፤ ምስጋናውንም አንገቴን ደፍቼ ተቀበልሁ።

ቦራ ዳነ፤ የሁለቱ ወዳጅነት ግን አልዳነም። የጋሼ ታምሩ እናት ሲሞቱ አባቴ ለቅሶ አልደረሰም። ለቀስተኛው በደጃችን ሲያልፍ፣ ደጅ ተቀምጦ የነበረው አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ውስጥ ገባና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አጠገቡ ነበርሁ። አንድ ቃል ብናገር ተነሥቶ ወደ ለቅሶው ይሮጥ ነበር። ያን ቀንም ዝም አልሁ። የመጀመሪያውን ዝምታ ፍርሃት ነው እንበል። ሁለተኛውን ምን ልበለው?

አሁን ልጃቸው፣ የአባቴ የክርስትና ልጅ፣ ሊዳር ነው። አባቴ አልሄድም ብሏል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለአባቴ ሁሉን እነግረዋለሁ፤ ልጓሙን ከእጄ ቢወስድ አላለቅስም። ከዚያም እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ ጋሼ ታምሩ ደጃፍ እቆማለሁ።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ልጅ ነበርሁም አልልም፤ ሹመቱን ስቀበል ልጅ ነኝ አላልሁም። ጋሼ ታምሩ ድንጋዩን አውርጂው ቢሉኝ አወርዳለሁ። ዝም ቢሉኝ ግን ቆሜ እጠብቃለሁ። እሳቸው ከእኔ አብልጠው ጠብቀዋል።