ቅቤ ያልነካው ድስት

በአባቴ የወለጋ ኦሮሞ፣ በእናቴ የጉና አማራ ነኝ። አባቴ መምህር ሆኖ ደብረ ታቦር ሲመደብ ሉተራንነቱንም ቅቤ ወዳድነቱንም ይዞ መጣ። እናቴ አግብታው በእሱ ቤተ ክርስቲያን ጸለየች፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን ልቧ ጉና ይሄዳል። አባቴ "የሚያድነው ጸጋ እንጂ ድስት አይደለም" እያለ ያሾፍባት ነበር። እውነቱን ነው፤ ጎረቤት የሚያየው ግን ድስቱን ነው። በጾም ቅቤ የነካው ዕቃ ለጾመኛ አይቀርብም፣ የኛ ቤት ዕቃ ደግሞ ሳይታይ የተፈረደበት ነው። እኔም አንድ ጊዜ ወለጋ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ እንደ እናቴ በሁዳዴ ቅቤ አልበላም ብል "አማራው" ብለው ሳቁብኝ። እዚያም እዚህም እንግዳ መሆን ያንገሸግሻል።

እናቴ ሉተራን ካገባች ወዲህ ታላቅ እህቷ አኩርፋት ነበር። አንድ ዓመት በሁዳዴ የአክስቴ ባል ሞተ። እናቴ ያን ጾም ከመግቢያው ጀምሮ ጾማ ነበር፤ እርቁ በለቅሶው ይመጣል ብላ ተስፋ አደረገች። ከገበያ አዲስ የሸክላ ድስት ገዛች፣ በኑግ አሟሸችው፣ ማማሰያውን እንኳ ከጾመኛ ጎረቤት ተዋሰች። ሽሮውን ሠርታ እኔ ተሸክሜላት ጉና ሥር ወዳለው የአክስቴ ቤት ሄድን።

አክስቴ አቅፋት አለቀሰች። "እታለም፣ እግዜር ይስጥሽ። እዚያ ጥግ አስቀምጭው" አለቻት።

ለለቀስተኛው ምሳ ሲቀርብ የሌላው ሁሉ ድስት ተከፈተ፤ የኛ እንደተከደነ ቀረ። እናቴ ወደ እህቷ ተጠጋች።

"እትዬ፣ አዲስ ነው እኮ። ቅቤ አልነካውም።"

"አውቃለሁ" አለች አክስቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እኔስ በበላሁ ነበር። ሰው ምን ይላል?"

ስንመለስ እናቴ ድስቱን ራሷ ተሸከመችው። አክስቴ ባታውቅ ኖሮ ይሻል ነበር ብዬ ተናደድኩ፤ ያላወቀ ሰው ይነገረዋል፣ እያወቀ ለሚገፋ ምን ይባላል? ማታ ሽሮውን ከአባቴ ጋር በላነው። አባቴ ያን ቀን አላሾፈም።

ዛሬ አክስቴም አባቴም የሉም። እህትማማቾቹ ሳይታረቁ ቀሩ። ዘንድሮ ሁዳዴ ሊገባ ሲል እናቴ "አዲስ ድስት ግዛልኝ፣ ቅቤ ያልነካው" አለችኝ። ገዛሁላት። በኑግ አሟሽታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። የምትወስድለት ሰው የለም፤ እሷም ታውቃለች።