ያልተቆረጠው ቤልቦተም

አዲስ ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት በር ላይ ከጉልበቱ በታች ሰፋ ያለ ቤልቦተም ሱሪ ተሰቅሎ አየሁ። ደግሞ ተመልሶ መጣ? እርጥብ ጨርቅ በካውያ ሲተኮስ የሚሸተው ሽታ ከውስጥ ሲመጣብኝ እግሬ አልሄድም አለኝ።

አባቴም ልብስ ሰፊ ነበር። በአብዮቱ ጊዜ ካኪ ለባሾች ቤልቦተም ያደረገውን ሁሉ «አድኃሪ» እያሉ መንገድ ላይ ያስቆሙ ስለነበር፣ ታላቅ ወንድሜ ሱሪውን አምጥቶ «አባባ፣ ይቁረጡልኝ» አለ።

አባቴ መቀሱን አላነሳም። ትርፉን ጨርቅ ወደ ውስጥ ቀልብሶ ሰፋው።

«ጨርቁ ምን በደለ? ጊዜው ሲያልፍ ስፌቱን እፈታልሃለሁ» አለው።

ወንድሜ በማግስቱ ሌላ ሱሪ ለብሶ እንደወጣ ቀረ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ያንን ሱሪ በየበዓሉ እያወጣ ይተኩሰው ነበር፤ ስፌቱን ግን አልነካም።

አሁን እኔ ጋ ነው። ጊዜው አልፏል። እኔም አልፈታሁትም።