ለሊዲያ ብስክሌት ያጠጣሁት ዘይት

ነገሩ የሆነው ባለፈው በጋ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ብዙ ጊዜ አልሆነውም። እስካሁን ግን ብቻዬን ስሆን ድንገት ትዝ ይለኝና ክው እላለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው፤ ብሳሳት እለፉኝ።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የልጄ ልጅ ሊዲያ እኔው ጋ ነው ያደገችው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ቢሮ ትሠራለች። እግሯ እንደ እኔ አያርፍም። እኔ በወጣትነቴ በባቡር ሄጄ ያልወረድኩበት ጣቢያ አልነበረም፤ እሷ ደግሞ ብስክሌት ያዘች። የከተማ ብስክሌት እንዳይመስላችሁ፤ ጎማው ክንድ የሚያህል፣ ድንጋይ ላይ የሚወጣ ነው። የዓመት ፈቃዷን ወስዳ፣ አስፋልቱን ትታ በኮረኮንች ብቻ ዘጠኝ ቀን ልትጓዝ ቆረጠች። ሁለት ጓደኞቿ ቢዮ አዋሌ የሚባለው መንደር ይጠብቋታል። እስከዚያ ብቻዋን ነች።

ሁለት ወር ሙሉ ግቢያችን ጋራዥ ሆኖ ከረመ። ካቴናውን ፈታ በናፍጣ ታጥባለች። የጎማውን ራጂ፣ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች፣ አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች እንደ ክራር ታዳምጣለች፤ የላላውን ታጠብቃለች። ለእሾህ ብላ ጎማው ውስጥ ወተት የመሰለ ነገር ጨመረች። ሻንጣውን ትጭናለች፣ ትመዝናለች፣ መልሳ ታወርዳለች። «ልጄ፣ ለሠርግሽ እንኳን እንዲህ አትዘጋጂ» እላታለሁ። «እሱ መንገድ ላይ አይፈታብኝም፣ ይሄ ይፈታብኛል» ትለኛለች። ያልገባትን ሙሜን ትጠይቃለች። ሙሜ የሰፈራችን ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ ጺሙ ሸብቷል፣ ምላሱ ግን አሁንም የጎረምሳ ነው።

ከሁሉ በኋላ አዲስ ፍሬን ራሷ ገጠመችለት። እኔ የማውቀው ፍሬን ጎማውን ከላይ ጨምድዶ የሚይዘውን ነው። ይሄኛው ግን መሐል ላይ ያለች ቀጭን ክብ ብረት ነች። ያኔ እሷ ፍሬን ትሁን ጌጥ አላወቅሁም። ያወቅሁት መጮኋን ብቻ ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር ሲጥ፣ ሲጥ ትላለች።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ብረት ሲጮህ ከሰማ እህል አይወርድለትም። «ጮኸ ማለት ጠማው ማለት ነው» ይል ነበር። በእኛ ቤት የበር ማጠፊያው፣ የስፌት መኪናው፣ የልጆች ጋሪ ሳይቀር ዘይቱን ይጠጣል። እሱ ከሞተ ወዲህ የማጠጣው እኔ ነኝ።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ሊዲያ ተምርና ገመድ ልትገዛ ወደ ከፊራ ገበያ ወረደች። እኔም የስፌት መኪናዬን ዘይት አመጣሁና ያቺን ክብ ብረት ጠብ ጠብ አደረግሁላት። ዞር አድርጌ በጨርቅ አዳረስኩት። የፊቱንም፣ የኋላውንም። ጸጥ አለ። ደስ አለኝ። ለሊዲያ ግን አልነገርኳትም፤ «እማማ አርፈሽ ተቀመጪ» ትለኛለች ብዬ።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አማትቤባት ሄደች። አንድ ሰዓት ሲሆን ዳቦ ልገዛ ስወጣ በሙሜ በር አለፍኩ።

«ሄደች?» አለኝ፣ ጎማ እየነፋ።

«ሄደች። ብታያት እንዴት እንደምታምር!»

«ዲስኳ መጮኋን ተወች? አዲስ ስለሆነች ጥቂት ቀን ትጮሃለች ብያት ነበር።»

«እሷንማ ዘይት አጠጣኋት፤ ዝም አለች» አልኩት ኮራ ብዬ።

መንፊያው ከእጁ ወደቀ።

«ምኗን?»

«ያቺን መሐል ያለችውን ክብ ብረት።»

«ያ አላህ! አንቺ ሴትዮ፣ እሷ እኮ ነች ፍሬኑ! ዘይት ከነካት አትይዝም!»

«አትይዝም ማለት?»

«ቁልቁለት ላይ አይቆምላትም ማለት ነው አቦ!»

የሱቁ ደፍ ላይ ዘጭ አልኩ። ሙሜ ይደውላል፤ ስልኩ ይጠራል፣ አታነሳም። ሻንጣዋ ውስጥ ከትታዋለች። ሱቁን ሳይዘጋ አልኮልና አዲስ የፍሬን ሸራ በፌስታል ይዞ ወጣ፣ ባጃጅ አስቁሞ እኔን ደግፎ አስገባኝ። «ንዳ!» አለው ባለባጃጁን። «የት?» ሲለው፣ «ወደ ቢዮ አዋሌ፣ በጥርጊያው! መጀመሪያ ንዳ፣ ከዚያ ትጠይቃለህ!»

እንባ እንኳ አልመጣልኝም። ዳገቱ ላይ ባጃጇ ታቃስታለች፣ እኔ ከሩቅ የማየውን ጥቁር ነገር ሁሉ ሊዲያ እያልኩ ሳየው ድንጋይ ይሆናል፣ ፍየል ይሆናል። አህያ የምትነዳ ሴት ወደ ከተማ ስትወርድ አገኘን። ሙሜ በኦሮምኛ ጠየቃት። «ኩፍቴ» አለች፣ በእጇ ወደ ላይ እያሳየች። ኦሮምኛ እሰማለሁ። ወድቃለች ማለቷ ነው።

ሙሜ ዞሮ አላየኝም።

ዳገቱ አልቆ መንገዱ ወደ ደረቁ ወንዝ ይወርዳል። ታች ጥምዝ አለ፤ በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ አሸዋ። ብስክሌቷ አሸዋው ላይ ተጋድማለች። ሊዲያ አጠገቧ ቁጭ ብላለች። በሕይወት አለች! ክርኗ ተገሽልጦ ደሙ እስከ እጅ አንጓዋ ወርዷል፤ በዚያ እጇ ፍሬኑን እየፈታች ታለቅሳለች።

ስታየን ደነገጠች። «ማን ነገራችሁ?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች። «ሙሜ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሰፈር ውስጥ ላላ ብሎኝ ነበር፣ አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ ተውኩት። እዚህ ስደርስ ሁለቱንም ጨመቅኋቸው፣ ምንም! ራሴን ወደ አሸዋው ወረወርኩ። የራሴን ፍሬን በትክክል መግጠም ያልቻልኩ ሰው ዘጠኝ ቀን በረሃ ምን እሠራለሁ? ለጓደኞቼ አልመጣም ብዬ ልደውልላቸው ነው።»

ሙሜ እኔን አየኝ፣ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ለእኔ ተወልኝ።

እውነቱን ልናገር። ለአንድ አፍታ ዝም ልል አሰብኩ። እግዜር አትርፏታል፣ ሙሜም አፉን ይዟል፣ እሷም ወደ ቤቷ ልትመለስልኝ ነው። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ግን ያቺ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣች ልጅ ደሟ እየወረደ ራሷን ስትረግም ማየቱን አልቻልኩም።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «ትናንት ዘይት ቀብቼዋለሁ። ሲጮህ ጊዜ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዲስኳን በጣቷ ጠረገችና አሸተተችው። «የስፌት መኪናው ዘይት?»

«አዎ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም። አንዱን ለይቼ ልተወው እንዴ?»

ሙሜ ሳቁ አመለጠው። እሷ አልሳቀችም። «እማማ፣ ልትገድይኝ ነበር እኮ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ከዚያ እንደ ሕፃን አንገቴ ሥር ገብታ ተንሰቀሰቀች። እኔም አብሬ።

ዲስኮቹን በአልኮል ደጋግመው ጠረጓቸው፣ ዘይት የነካውን ሸራ ጥለው አዲሱን አስገቡ። ክርኗን በነጠላዬ ጫፍ አሰርኩላት። ሙሜ ቁልቁለቱ ላይ አሥር ጊዜ አስነድቶ አሥር ጊዜ አስቆማት። አሥሩንም ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ሄደች። አላስቀረኋትም፤ በምን አፌ?

ዘጠኙን ቀን ጨርሳ ፀሐይ አጥቁሯት ገባች። ዛሬም ከእኔ ጋር ናት፤ ስንጨዋወት ታበሽቀኛለች። እኔ ግን አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለኝ። ያን ጠዋት በሙሜ በር ባላልፍና ልጄም በግራ፣ በገደሉ በኩል ብትሄድ ኖሮ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው መጥቶ «እማማ፣ አይዞሽ፣ ጽናቱን ይስጥሽ» ይለኝ ነበር። እኔም ያን ብስክሌት ስረግም፣ እሷን ስወቅስ እኖር ነበር። ማን እንደገደላት ሳላውቅ እሞት ነበር።