«የለም» የተባሉት ሁሉ
ከሚሴ ውስጥ በነዋሪዎች ምዝገባ ላይ ስሠራ መጀመሪያ የጻፍኳት ፕሮግራም ቀርፋፋ ነበረች። አንዱን ረድፍ ታነሳለች፣ ስሙን ስክሪኑ ላይ ታወጣለች፣ የአስተያየት ዓምዱን ታያለች፣ ታስተካክላለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። የጨፋ ሮቢትን መዝገብ ብቻ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀችብኝ። በኋላ ስልጠና ወሰድኩና ነቃሁ። ዳታቤዝ ላይ ረድፍ በረድፍ እየዞሩ መሥራት የጀማሪ ነገር ነው። የትኞቹን እንደምትፈልግ ትነግረዋለህ፤ ሁሉንም በአንዴ ይሠራልሃል።

የቀበሌ ጸሐፊዎች አስተያየቱ ላይ «የለም» እያሉ ይጽፋሉ። እኛ ዘንድ ሰውን ሞተ ማለት ስለሚከብድ የለም እንላለን። እኔም «የለም» የተባሉትን ሁሉ «ሟች» የሚያደርግ አንድ ትእዛዝ ጻፍኩ። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ጉራዬን ብታዩት! ባልደረቦቼን እየጠራሁ አሳየኋቸው።

በሳምንቱ እናቴ የቤተሰብ መዝገቧን ቅጂ ይዛ ቢሮ ድረስ መጣች። ማንበብ አትችልም፤ ቀበሌ ያገኘችው ሰው ነው ያነበበላት። ጣቷን ከታናሽ ወንድሜ ስም ላይ አላነሳችም።

ወንድሜ ከሦስት ዓመት በፊት ማሽላውን አጭዶ ሳይጨርስ በባቲ አድርጎ ወደ ዓረብ አገር እንደወጣ ድምፁ ጠፋ። ጸሐፊው «የለም» ያለው እቤት የለም ለማለት ነበር።

«ኢልመ ኪያ፣ ልጄ፣ መርዶ ደርሶህ ነው እንዴ የደበቅኸኝ?» አለችኝ።

«ወላሂ እማ፣ ምንም አልሰማሁም። የኔ ስህተት ነው። ኮምፒውተሩ ሁሉንም በአንዴ ነው የሚሠራው፤ ስም በስም አይታይም።»

«በወንድምህ ላይ ስታልፍ አላየኸውም?»

አላየሁትም። ያቺ ቀርፋፋ ፕሮግራም ብትሆን ኖሮ ስሙ ስክሪኑ ላይ ይወጣ ነበር፤ እኔም አስቆማት ነበር። አፍሬ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

የለወጥኩትን ሁሉ ወደነበረበት መለስኩ። ከዚያ በኋላ ለየቀበሌው እየደወልኩ አንድ በአንድ ለማጣራት ሳምንታት ፈጀብኝ። የወንድሜን ረድፍ ግን ያኔውኑ፣ እናቴ አጠገቤ ቆማ ከፈትኩት። ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ሕያው ወይም ሟች።

«ምን አልከው?» አለች።

«ሕያው።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ወረቀቱን አጣጥፋ ወጣች። የማውቀው ነገር እንደሌለ ደግሜ ሳልነግራት ረድፉን ዘጋሁት።

ከሥራ ስመለስ ጎረቤቶቻችን በራችን ላይ ተሰብስበው እልል ይላሉ። «ልጇ በሕይወት አለ አሉ፤ ቢሮ ተጽፎ አይታለች» አሉኝ።