የእትዬ ካውያ ትንሿ ጊታር

ከአልጋው በላይ ያለውን ምስማር ተመልከቱ። ግድግዳው በጊዜው ቢጫ ነበር፤ አሁን የሻይ ቀለም ይዟል። ከምስማሩ ሥር ግን ወገቧ ሰርጎድ ያለ አንዲት ትንሽ ቅርጽ ልክ እንደተቀባች ቢጫ ሆና ቀርታለች። እዚያ ቦታ ላይ ጊታር ተሰቅላ ነበር። አሁን የለችም። በሩ ሥር ደግሞ ሌላ ጊታር ቆሟል፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን የታሰረለት፣ ሆዱ የሹም ሆድ የሚያክል። እሱን ማንም ና አላለውም።

የክፍሉ ባለቤት እትዬ ካውያ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስትተኩስ ኖራለች። ካውያ ስል በእጅ የሚያዘው እንዳይመስላችሁ፤ አልጋ የሚያክል፣ ክዳኑ ከላይ ተስቦ የሚዘጋ፣ እንፋሎት የሚተፋ ማሽን ነው። ክዳኑን የምትስበው በቀኝ እጇ ነበር። ክዳኑ አልደከመም፣ ትከሻዋ ደከመ። ዛሬ ቀኝ ክንዷ ከደረቷ በላይ አልወጣም ብሏል። ጸጉሯን የምታበጥረው ማበጠሪያውን ወደ ራሷ ሳይሆን ራሷን ወደ ማበጠሪያው እየወሰደች ነው። እሷ ይህን ስታወራ ትስቃለች። እኔን አያስቀኝም።

ደግሞ ግዙፍ ሴት ናት። ደረጃ ስትወጣ የሚወርደው ሰው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያሳልፋታል። ጊታሯ በተቃራኒው ከትራስ ብዙም አትበልጥም። ሁለቱን አብሮ ያየ ሁሉ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ይሸፍን። እኔ ከግድግዳው ማዶ የምኖር ጎረቤቷ ነኝ፤ አፌን ሳይሆን ጆሮዬን ነው የምከፍተው።

ጊታሯን ያገኘቻት ከሆስፒታሉ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው በሚወስደው መንገድ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰውዬ ነው። በተሰበሩ ሬዲዮኖች መሐል ተጋድማ አይታ አነሳቻት። ሻጩ ቀና ብሎ፣ "ለልጅ ነው?" አላት።

ልብ በሉ፤ መዘዙ ሁሉ የተጎለጎለው ከዚህች ጥያቄ ነው። እትዬ ካውያ ያኔም ሙሉ ሴት ነበረች፤ ደሞዟ የራሷ፣ ቤቷ የራሷ። ልጅ ግን የላትም፣ ሙዚቃም ተምራ አታውቅም፤ "ለራሴ ነው" የምትለው ነገር አፏ ላይ አልመጣ አለ። "አዎ፣ ለልጅ ነው" አለች። ቤቷ ስትደርስ ታናሽ ወንድሟ በር ላይ እየጠበቃት ነበር። እሱም እንደ ኬላ ፈታሽ፣ "ይሄ ደግሞ ለማን ነው?" አላት።

"ለልጅህ" አለችው።

ልጁ ገና ጡት አልጣለችም። ወንድምየው አመስግኖ ሄደ። ጊታሯ ምስማር ላይ ወጣች፤ ከዚያም "ትደግና" እየተባለ፣ ልጅቷ አድጋ ተምራ ሥራ ስትይዝ እንኳ አልተሰጠቻትም።

አሁን እናንተ "ለምን ዋሸች?" ልትሉ ነው። እኔ የምለው ለምን ተጠየቀች? ሰው ዳቦ ሲገዛ ለማን ነው አይባልም። ጃንጥላ ሲይዝ ማንም አያፋጥጠውም። ካውያ ስትስብ የዋለች ሴት ግን ደስ የሚላትን ነገር ስትይዝ አገር ሙሉ መርማሪ ይሆናል።

ስለ ደስታዋ ልንገራችሁ። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ወዲያ ወርውራ፣ ጊታሯን በግራ እጇ ከምስማሩ አውርዳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። የጊታሯ ስርጉድ ታፋዋ ላይ ልክክ ይላል። ጊታሯ ትንሽና ስስ ስለሆነች ያ እምቢተኛ ክንድ ወደ ላይ መውጣት የለበትም፤ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ክሮቹን ያገኛቸዋል። አገጯን ጠርዟ ላይ አስደግፋ ስትመታ፣ ድምፁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ራሷ ጎድን ነው። "ጥርሴ ውስጥ ነው የሚሰማኝ" ትላለች። ለእኔ በግድግዳው በኩል የሚደርሰኝ ትርፍራፊው ነው፤ እሱም ይበቃኛል።

የምታውቀው ኮርድ ጥቂት ነው። ሲስታት ጥፋቱን በጊታሯ ላይ ታላክካለች። "አንቺ ቀጣፊ፣ ትናንት እኮ ታውቂው ነበር" ትላታለች፤ ይታረቁና ይቀጥላሉ። ዘፈኑም የራሷ ነው። ልብስ ከመታጠቡ በፊት ኪስ መፈተሽ የእነሱ ክፍል ሥራ ስለነበር፣ ከሐኪሞች ነጫጭ ጋዋኖች ኪስ ለወጣው ጉድ ሁሉ ዜማ አውጥታለታለች፤ ግማሽ ብስኩት፣ የአንድ እግር ካልሲ፣ አንድ ጊዜማ ሰው ሠራሽ ጥርስ። የጥርሱ ዘፈን ዜማው የለቅሶ ነው፤

ጥርስህን ከኪስህ ረስተህ የሄድከው፣
ከእንግዲህ ሥጋውን በምን ልታኝከው?

ሌላው ስንኝ እዚህ አይጻፍም።

የምትመኘው አንድ ነገር ነበር። ጡረታ ስትወጣ፣ ሌላው ሰው ሥራ ላይ ሆኖ ሲንጫጫ፣ መስኮቷን ከፍታ በጠራራ ፀሐይ መምታት። "ፀሐይ ያላያት ጊታር ናት እኮ" ትለኝ ነበር፣ "ልክ እንደኔ።"

ጡረታዋ ደረሰ። የሥራ ባልደረቦቿ ሲሸኟት በዋሉበት ቀን፣ ታናሽ ወንድሟ ለክፉ ቀን ተብሎ በተሰጠው ቁልፍ ቤቷን ከፍቶ ገባ። የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሰውን ሁሉ በሶፋ ዓይን ነው የሚያየው፤ "ትንሹን በትልቅ ለውጡ" ባይ ነው። ስትመለስ ያ ጥቁሩ ጊታር ከነሪባኑ ቆሞ ጠበቃት። ወንድሟ እልልታውን ሲያቀልጠው እኔም ምን መጣ ብዬ ደጃፏ ላይ ብቅ አልኩ።

"እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ይኸው፣ የሚመጥንሽ!"

እሷ ያየችው ምስማሩን ነው። "የኔዋስ?"

"የቷ?"

"እዚህ የነበረችው።"

"እ፣ መጫወቻዋ? ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምር የለ፣ ለሕፃናቱ ወሰደችላቸው። መጀመሪያውንም ለሷ ነው የገዛሻት፤ እኛ እኮ አንረሳም። አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ትልቅ ያዢ።"

 እትዬ ካውያ ምን ብትል ጥሩ ነው? "እግዜር ይስጥልኝ።" ቆሽቴ አረረ።

"በይ ያዢውና ፎቶ ላንሳሽ" አላት። ታቀፈችው። የጊታሩ የሹም ሆድ ክርኗን ወደ ላይ ገፋው፤ ክርኗ ትከሻዋን ገፋው፤ ትከሻዋ እንባዋን ገፋው። "ፈገግ በይ እንጂ" አለ። ፈገግ አለች። ፎቶውን ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ላከው፤ ከሥሩም "እህቴ በደስታ ስታነባ" ብሎ ጻፈበት።

ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ዝም አለ። ፀሐዩ አለ፣ መስኮቱ አለ፣ ጡረታው አለ፤ ድምፅ የለም። ሄጄ አንኳኳሁ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ እጇን ታፋዋ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች።

"ሄደሽ አታመጫትም?" አልኳት።

"ምን ብዬ? ከሕፃን እጅ ልነጥቅ?"

"አዎ።"

"አንተ ሰው፣ ነገር አትፈልግ። ወንድሜ ደስ ብሎታል።"

"ደስ ካለው እሱ ይምታዋ።"

ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተቆረጠ። "ሄጄ መጠየቁ አይደለም የከበደኝ" አለች። "ለማን ነው ይሉኛል። እንደገና።"

ባዶውን ምስማር ቀና ብላ አየችና ግን ጫማዋን አጠለቀች። ትልቁን ጊታር እኔ ተሸከምኩት፤ መንገደኛው ሁሉ ሬሳ የያዝኩ ይመስል ዳር ዳር እያለ አሳለፈን።

የመዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ የምትስቅ ፀሐይ ተስላለች። የወንድሟ ልጅ ሽርጧን እንዳደረገች ወጣች፣ አክስቷን ሳመቻት፣ ወደ ውስጥ ጎተተቻት። ትንሿ ጊታር ሕፃናት በሚደርሱበት ከፍታ ተሰቅላለች። ገላዋ ላይ የወረቀት አበባ ተለጥፏል፣ አንድ ክር ተበጥሷል፣ ሲያነቃንቋት ሆዷ ውስጥ የገባ እርሳስ ይንኳኳል።

"አክስቴ፣ እንዴት እንደወደዷት ብታዪ" አለች ልጅቷ።

"ልወስዳት ነው የመጣሁት።"

"ምን?"

"ጊታሯን።"

የልጅቷ ፊት ተለወጠ። "አክስቴ፣ እሷ እኮ የኔ ናት። አባቴ ከሕፃንነቴ ጀምሮ 'አክስትሽ ጊታር ገዝታልሻለች' እያለኝ ነው ያደግኩት። አንቺ ቤት በመጣሁ ቁጥር ቀና ብዬ አያት ነበር። ዛሬ ትሰጠኛለች፣ ነገ ትሰጠኛለች ስል አድጌ ጸጉር ቤት መሄድ ጀመርኩ። አሁን እጄ ስትገባ ልትወስጃት?"

እውነቷን ነው። ይኼም በደል ነው። እትዬ ካውያ ትንንሾቹን ወንበሮች አየች፤ እዚያ ቤት ውስጥ እሷን የሚችል አንድም መቀመጫ አልነበረም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ዋሽቼ ነው" አለች።

"ምኑን?"

"ለአንቺ አልገዛኋትም። ሻጩ ለልጅ ነው ሲለኝ አዎ አልኩ። አባትሽ ለማን ነው ሲለኝ ለልጅህ አልኩ። ለኔ ነው የገዛኋት። ለኔ፣ ደስ እንዲለኝ። ሌላ ምክንያት የላትም። አንቺን እንደዚያ ማስጠበቄ ክፉ ሥራ ነው፤ ስደቢኝ፣ ይገባኛል። እሷን ግን ስጪኝ። በትልቁ አልችልም፤ እጄ አይወጣም።"

"እጅሽ አይወጣም?"

"ማንም አልጠየቀኝም እኮ።"

 አንዲት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጣልቃ ገባች። "ትልቅ ሰው በትንሽ ጊታር አይጫወትም።"

"ማን አለሽ?"

"ማንም።"

"እንግዲያው አምጪያት።"

ሕፃኗ አመጣችላት። እትዬ ካውያ እርሳሱን ከሆዷ አራግፋ አወጣች፣ በቀሩት ክሮች ቃኘቻት፣ አገጯን አስደገፈች። የጥርሱን ዘፈን ዘፈነችው፤ የማይጻፈውን ስንኝ ዘለለችው፤ ለዚያ ለዚያ ጨዋ ናት። ጥርሷ የወለቀባት ሕፃን በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ሌሎቹም "ድገሚ!" እያሉ ከበቧት።

እዚህ ላይ ደርሳችሁ፣ ልቧ ራርቶ ጊታሯን ለሕፃናቱ ትታላቸው ሄደች እንድላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ፣ ጠብቁ። እትዬ ካውያ ዓይኗን በጨው አጥባ ተነሳች፣ "አለቀ" አለቻቸው፣ ጊታሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ በሩ አመራች። አንዳንዶቹ አለቀሱ። ያልቅሱ፤ ለቅሶ የእነሱ ዕድሜ ሥራ ነው። ደግሞ ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። ሹሙን፣ ያን ትልቁን ጊታር፣ ወለሉ ላይ አጋድመንላቸው ነበርና፣ ከበሩ ሳንወጣ ጀልባ አድርገውት ሆዱ ላይ ተሳፍረዋል።

የወንድሟ ልጅ እስከ በር ሸኘችን። "አክስቴ፣ የጥርሱን ዘፈን ግን ታስተምሪኛለሽ" አለች፣ ኩርፊያዋ ገና ሳይለቃት።

"ቤት ነይ። ስትመጪ ግን የራስሽን ጊታር ይዘሽ ነይ።"

ወንድምየው ስልክ የደወለው ማታውኑ ነው። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ኮሪደር ላይ ይሰማ ነበር። አዋረድሽኝ፣ ስጦታዬን ሕፃን አስረገጥሽ፣ ምስጋና ቢስ ሆንሽ አላት። እሷም ረጋ ብላ፣ "ምስጋናማ ሰጥቼህ ነበር" አለችው። "እሱን መልስልኝና እንተያይ።"

እስካሁን አልመለሰላትም። ቁልፉን ግን መልሷል።

ዛሬ ግን ምስማሩ እንደገና ሥራ ላይ ነው። የወረቀት አበባው አልለቅ ብሎ አንዱ እንደተለጠፈ ቀርቷል፤ የተበጠሰው ክር ተተክቷል። ረፋድ ላይ ፀሐዩ መስኮቷ ላይ ሲደርስ "አንቺ ቀጣፊ" የሚለው ስድብ በግድግዳው ይመጣል፣ ተከትሎም ዜማው።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ነገ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ትንሽ ጊታር አቅፋ ታዩ ይሆናል። ቦታ ልቀቁላት፣ ከፈለጋችሁም ዝም ብላችሁ እዩአት። እባካችሁ "ለማን ነው?" ብቻ አትበሏት።