በፍኖተ ሰላም የተገባ የለቅሶ ብድር

ማሲንቆዬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከአዲስ አበባ የወጣሁት ወታደር ለማዝናናት ነው። አስቀድሜ የምናገረው ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት ብዬ ነው። አዝማሪ ነኝ። የምጫወትበት ቤት ለመንገድ ማስፋፊያ ከፈረሰ ወዲህ ሰርግ ሲገኝ ሰርግ፣ ምርቃት ሲገኝ ምርቃት እያልኩ ነው የምኖረው። አንድ አስተባባሪ ደውሎ «ምዕራብ ጎጃም ነው፤ ቡሬና ፍኖተ ሰላም፣ ሁለት መድረክ። ሞራል ግንባታ ነው» ሲለኝ ብዙ ሳላስብ እሺ አልኩት። የተወለድኩት ደምበጫ ገጠር ነው። መንገዱ መዘጋጋት ከጀመረ ወዲህ አገሬን አላየሁም፤ በአጀብ ካልሆነም የማየው አልመሰለኝም።

አብራኝ የተጓዘችው ዘኑ ናት። ትዘፍናለች፣ ከበሮም ትመታለች፤ ብዙ ሰርግ አብረን ሠርተናል። ከእኛ ሌላ አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና ሁለት ተወዛዋዦች ነበሩ፤ እነሱ ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ ስልካቸው ላይ ተደፍተው ስለነበር ብዙ የምጽፈው ነገር የለኝም።

ከደጀን ወዲያ

ዓባይ በረሃን ወርደን እስክንወጣ ደህና ነበርን። ከደጀን በኋላ ሚኒባሳችን ከፊትም ከኋላም በወታደር መኪና ታጀበች፤ በየኬላው መቆምም ተጀመረ። ኬላ ላይ ያለ ወታደር ሁሉ ብርድ ልብሱን ያስፈታኛል። «አዝማሪ ነኝ» ስል «እስቲ ምታው» ይላል። ደብረ ማርቆስ ስንደርስ የአንድ ሙሉ ምሽት ሥራ በነጻ ሠርቼ ነበር። ዘኑ «ሞራላቸው እኮ እዚሁ ተገንብቶ አለቀ፣ እንመለስ» እያለች ታሾፍብኛለች።

ጥቅምት ስለነበር አገሩ ያምራል። ኑጉ ቢጫ ለብሷል፣ በቆሎው ደርቆ ቆሟል፣ ጤፉም ማዘንበል ጀምሯል። አስፋልቱ ግን በየቦታው ተቆፍሮ እንደገና በድንጋይ ተሞልቷል፤ የተቆረጡ የባሕር ዛፍ ግንዶችም መንገድ ዳር ተገፍተው ተጋድመዋል። ማን እንደቆፈረና ማን እንደሞላ ሾፌሩን ብጠይቀው «ወንድሜ፣ እኔ መሪ ነው የምይዘው» አለኝ።

ደምበጫ ላይ አልቆምንም። በመስኮቱ አንገቴን አሰገግኩ። የገበያ ቀን ነበርና ሰዉ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ አጀቡ ሲመጣ ግን ወደ ዳር ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንድ ሽማግሌ ብቻ አልዞሩም። ዱላቸውን ተደግፈው አዩኝ። አባቴን የሚያውቁ ይሆኑ ይሆናል። ስንት ጊዜ ያለምኩት አገር መግባት በዚህ አለቀ፤ ከመስኮቱ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ጅጋንም ፍኖተ ሰላምንም እንዲሁ ሳንቆም አለፍናቸው።

ቡሬ

ቡሬ በበርበሬ ተቀበለችን። በየደጁ ሸራ ላይ ቀይ በርበሬ ተሰጥቶ ዘኑ ከመኪና እንደወረደች ማሳል ጀመረች። ምሳ ሽሮ በላን፤ ዋጋው የአዲስ አበባን የሚያስንቅ ነው። ባለቤቱ ሰውዬ «ጤፉ እዚሁ አጠገባችን ይበቅላል፣ ወደኛ የሚመጣው ግን ዞሮ ነው» ብሎ ይቅርታ ጠየቀን።

ፕሮግራሙን የሚመራው ሻምበል ትሁትና ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ነው። ከመድረክ በፊት ሰብስቦ መመሪያ ሰጠን። «ጭፈራ፣ ፉከራ፣ የጀግንነት ነገር። የናፍቆት ዘፈን አይግባ፤ ስለ እናትም ቢሆን ይቅር። ሐዘን የሚባልማ ጨርሶ አላይም፤ ሞራል ይገድላል» አለን። መድረኩ ጎኑ የተከፈተ የጭነት መኪና ነበር። ወታደሮቹ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ያዩናል። አብዛኞቹ ጺማቸው በወጉ ያልወጣ ልጆች ናቸው። ፎከርኩ፤ ተነሥተው ጨፈሩ። የአንዱ ዓይን ግን ሲጨፍርም ከአጥሩ ላይ አልተነሣም ነበር። ጥሩ ሠራችሁ ተባልን። እኔ ግን እንዲያ አፍሬ አላውቅም፤ ቀረርቶ እንዲህ በመመሪያ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ፍኖተ ሰላም

በማግስቱ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስን። መድረኩ በከተማው ዳር፣ ወታደሮቹ በሰፈሩበት አሮጌ የእህል መጋዘን ግቢ ውስጥ ነው። ከግቢው በር ፊት ለፊት ሰዓዳ የምትባል ሴት ትንሽ ሻይ ቤት አላት። ቤተሰቦቿ ጅጋና ፍኖተ ሰላም የሚነግዱ ሙስሊሞች ናቸው። ሻይ ስትቀዳልን የዘኑን ከበሮ አይታ እጇን አቆመች።

«ይኼን እዚህ ልትመቱት ነው?»

«ማታ ላይ፣ ለወታደሮቹ» አለች ዘኑ።

«እንግዲያ እማማ የሺን አስፈቅዱ። ያ ከግቢው ግንብ ጋር የተጣበቀው ቤት የሳቸው ነው። ልጃቸው ይሁኔ ከሞተ ገና ዓመቱ አልሞላም።»

ዘኑና እኔ ተያየን። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ጎረቤት እያለ ከበሮ አይመታም። ሰርግ የደገሰ ሰው እንኳ አስቀድሞ ሐዘንተኛውን ይለምናል፤ ሐዘንተኛውም አይከለክልም። ይህን ሳናደርግ ብንዘፍን አድጌበታለሁ የምለው ወግ ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው።

እማማ የሺ ጥቁር ነጠላቸውን አጥብቀው ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«እማማ፣ እግዜር ያጥናዎ» አልናቸው።

«ይመስገን። የማን ልጆች ናችሁ?»

የአባቴን ስም ጠርቼ ከደምበጫ መሆኔን ነገርኳቸው። ከዚያ ጎንበስ ብዬ «ለማስፈቀድ ነው የመጣነው። ዛሬ እዚህ ግቢ ዘፈን አለና እንዳይከፋዎት» አልኩ።

«እሰይ! ማን ተዳረ?» አሉ።

ዘኑ መሬት መሬት እያየች «ሰርግ አይደለም እማማ። ለወታደሮቹ ነው» አለች።

ቀና ብለው ግንቡን አዩ። «የኔ ልጆች፣ ተኩሱን እንኳ ማንም አላስፈቀደኝም። እናንተ ደግ ናችሁ፣ ለዘፈኑ መጣችሁ።»

ከዚያ የልጃቸውን ነገር አጫወቱን። ይሁኔ በርበሬ ጭኖ ወደ ገበያ ሲወርድ መሀል መንገድ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ጥይቱ ከየትኛው ወገን እንደመጣ ያየ የለም፤ በቅሎዋ ብቻዋን አልመለስ ብላ አጠገቡ ቆማ ተገኘች። ያን ሰሞን ሰው ከቤቱ መውጣት ስለፈራ አራት ጎረቤት ቀበረው። አልቃሽ አልቆመለትም፣ ጋቢና ዱላው ተዘርግቶ ስሙ አልተጠራም።

«እፈቅዳለሁ» አሉ እማማ የሺ። «ግን አስቀድመህ እዚህ ግቢዬ ገብተህ ለልጄ አንድ ሙሾ ትመታለታለህ። ያለ ለቅሶ ተቀበረኮ፤ ቤቱ የሌለው ሰው ይመስል። እኔ እሰጥሃለሁ፣ አንተ ተቀበል።» ግጥሙንም እዚያው ሰጡኝ፦

ገበያ ነው ብሎ በቅሎዪቱን ጭኖ፣
ተመለሰ አሉኝ እሱ ጭነት ሆኖ።

«ማሲንቆዬን ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። ማሲንቆው ግቢው ውስጥ፣ መኪናችን ላይ ነበር። ከዘኑ ጋር ልወስደው ስንገባ በሩ ከኋላችን ተዘጋ። ሻምበሉን ለመንኩት። ለቅሶ ነው፣ ጎረቤት ናቸው፣ ጥቂት ጊዜ ነው አልኩ። ሰዓቱን አይቶ «ከአሁን በኋላ ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው የለም። ለደኅንነትህ ነው» አለኝ፤ ከልቡም ይመስለኛል። ዘኑ ከበሮዋን አቅፋ «እንግዲህ ያለሳቸው ፈቃድ ልንመታ ነው?» አለች። ተናደድኩ። ሙሾውን ግንቡ ሊከለክለው እንደማይችል የታየኝ ያኔ ነው።

መድረክ ላይ ስወጣ አንዱን ድምፅ ማጉያ ወደ እማማ የሺ ቤት አዞርኩት። ተቀምጬ ደጋኑን ሳብኩና ፉከራውን ትቼ ግጥማቸውን ለቀቅሁ። የይሁኔን ስም ጠራሁ። በቅሎዋን፣ በርበሬውን፣ ያልተዘረጋውን ጋቢ እያነሣሁ አለቀስኩለት። ሻምበሉ ከኋላ ስልክ ይዞ ነበርና ወዲያው አልሰማኝም።

ከወታደሮቹ መካከል አንድ ቀጭን ልጅ፣ አማርኛው የወላይታ ቅላጼ ያለው፣ መሣሪያውን ለጓደኛው ሰጥቶ ተነሣ። «ጴጥሮስ! ወንድሜ ጴጥሮስ!» ብሎ ደረቱን መታ። ሌላው «ቶሎሳ!» አለ። አንዱ ፊቱን በመለዮው ሸፍኖ «ደምሴ» እያለ ይንሰቀሰቃል። ለካ እነሱም የቀበሩትን ሰው ሳያለቅሱለት ነው የመጡት። ስም እየጠሩልኝ እቀበላለሁ፤ የሁሉንም ከይሁኔ ስም ጋር እያገናኘሁ እመታለሁ። ከኋላ በኩል አንድ ሌላ ድምፅ ስም ሲጠራ ሻምበሉ ደርሶ «አጥፉት!» አለ። ጄኔሬተሩ እያጓራ ጠፋና ያ ስም ሳይሰማኝ ቀረ።

ሻምበሉ አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። «ነግሬህ ነበር» አለኝ ብቻ። ከዚያ ዘኑ ከበሮ እንድትመታ ታዘዘች፤ ልጆቹም ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው እንዲጨፍሩ ታዘዙ። ጨፈሩ። የዚያን ቀኑን ጭፈራ የዕድሜ ልኬን ያህል ጠላሁት።

የንፍሮው ነገር

ጠዋት አጀቡ እስኪሰለፍ ሰዓዳ ደጅ ቆመን ሻይ ስንጠጣ እማማ የሺ በሰፌድ ንፍሮ ይዘው መጡ። እንዲያመሰግኑኝ ጠብቄ ነበር፤ አልደብቅም።

«ሰማሁት» አሉ። «ግቢዬ ነበር ያልኩህ።»

«በር ዘጉብኝ እማማ።»

«ከአንተ ጋር ያለቀሰው ማን ነው? የወንዶች ለቅሶ ሰማሁ።»

«ወታደሮቹ ናቸው። ለይሁኔም፣ ለሞቱባቸው ጓደኞቻቸውም።»

ሰፌዱን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። «አንተ የደምበጫ ልጅ አይደለህም? ለቅሶ ብድር መሆኑን አታውቅም? ጥይቱ ከነማን እንደሆነ ሳላውቅ ሁሉንም እየረገምኩ ነበር የምተኛው። እርግማኔ ነበር የሚያስተኛኝ። አሁን ለልጄ ያለቀሰን ሰው እንዴት ብዬ ልርገም? ምን ትተህልኝ ነው የምትሄደው?»



መልሴን ሳይጠብቁ ቀጥ ብለው ወደ ግቢው በር ሄዱና ለዘበኛው ወታደር ሰፌዱን ዘረጉለት። ማታ ጴጥሮስ ብሎ የጮኸው ቀጭኑ ልጅ ነበር። እጁን ሰደደ፤ መልሶ ሰበሰበው። «ከሰው ቤት እንዳንበላ ታዘናል፣ እናቴ» አለ። እማማ የሺ አልተቆጡም። ተመልሰው ንፍሮውን ለእኔና ለዘኑ በእጃችን አፈሰሱልን፤ እሳቸው ግን አልቀመሱም።

«በል ስማቸውን ንገረኝ» አሉኝ። «ያለቀሱላቸውን ስም።»

«ጴጥሮስ፣ ቶሎሳ፣ ደምሴ።» አንድ በአንድ ከአፌ እየተቀበሉ ደገሙት።

«ሌላስ?»

«አንድ ነበር። አልሰማሁትም።»

አጀቡ ጥሩምባ ነፋና ሮጠን ተሳፈርን።

መመለሻ

በጅጋም በደምበጫም ስናልፍ ሰዉ እንደ አመጣጣችን ፊቱን አዞረ፤ እኔም በዚህኛው ጉዞ መስኮቱን በመጋረጃ ጋረድኩት። ዓባይ ድልድይ ላይ ዘኑ «ለሰርግ እንጂ ለጦርነት አይዘፈንም» ብላ ከበሮዋን ከእግሯ ሥር አስገባች። አዲስ አበባ ስንገባ አስተባባሪው ደወለ። ሌላ መድረክ አለ፣ አንተ ግን የሐዘን ነገር እንዳትጨምር የሚል ማስጠንቀቂያ አለብህ አለኝ። ሌላ ሰው ፈልግ አልኩት። ጀግንነት አይደለም፤ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ካለ ይኼ ነው፦ የሰው እንባ መቀስቀስ ቀላል ነው፤ እንባው ከፈሰሰ በኋላ ማን ለማን ምን እንደሚሆን ግን አዝማሪውም አያውቅ። ሐዘን ያቀለልኩ መስሎኝ የአንዲትን እናት እርግማን ቀምቼ መጣሁ።

ከሄድን በኋላ ተቋርጦ የነበረው የፍኖተ ሰላም ስልክ ሲከፈት ሰዓዳ ደወለችልኝ። እማማ የሺ በአንድ የሰንበት ማለዳ የይሁኔን ጋቢ ደጃቸው ላይ ዘርግተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ለጴጥሮስ፣ ለቶሎሳና ለደምሴ ለየብቻ አልቅሰው ብድራቸውን መለሱ። ሰፈሩ ግማሹ አበዱ አለ። ግማሹ «ለነሱ ነው ያለቀሱት» ብሎ ደጃቸውን መርገጥ ተወ። ሰዓዳ ግን ዳቦ ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር።

«አራተኛውን ስም ጠይቂልኝ ብለውኛል» አለች።

የሆነ ስም ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ማንኛውም ስም ያሳርፋቸው ነበር። ግን እንዲያ ካልኩ ያ የሌላ እናት ልጅ ሳይለቀስለት ሊቀር ነው፤ በሐሰት ስም ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ሊቀበር ነው። ተውኩት።

«ንገሪያቸው ሰዓዳ፣ እውነት አልሰማሁትም።»

«እሱንማ እኔም ነገርኳቸው» አለች። «ጋቢውን ግን አላነሡትም። እስካሁን ደጃቸው ላይ እንደተዘረጋ ነው።»